ጌሾ የሌለው ጠመቃ

ጥፋቱ የኔ ነው። ፈረንጆች፣ ድርጅት ሳይቀጥራቸው፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ በየሳሎናቸው ተቀምጠው ለድሮ የቴሌቪዥን ጌም አዲስ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎችን ሥራ «የቤት ጠመቃ» ይሉታል። እኔም ቃሉን ሳላሽ ሳላለዝብ ለእናቴ አቀበልኳት። «ዲማ ላይ የቤት ጠመቃ ውድድር ላዘጋጅ ነው» አልኳት። ለጥቅምት 23 የጊዮርጊስ ማኅበር ጋን እያጠነች ነበር። ከወይራው ጢስ መሃል ቀና አለችና፣

«ስንት ሰው ነው የሚጠምቀው?» አለችኝ።

«እስካሁን አራት።»

«ጌሾውን ማን ቻለ?»

ጌሾ የለውም ስላት ፊቷን መልሳ ወደ ጋኑ አዞረች። ጌሾ የሌለው ጠላ የገብስ ውሃ ነው፤ እሱን ለመጠጣት ደግሞ ውድድር አያስፈልግም። ማታ ላይ ግን ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሦስት እናቶች ሊመዘገቡ መጡ። አንዷ ዳኞቹ እውነተኛ ጠጪዎች መሆናቸውን ካላጣራሁላቸው እንደማይገቡ ነገሩኝ። ነገሩ የካሴት ጌም መሆኑን ሳስረዳ ያዘኑት ለናቴ ነበር።

ዲማ በምሥራቅ ጎጃም፣ እነማይ ወረዳ፣ ከቢቸና ብዙ የማትርቅ ናት። አገር የሚያውቃት በዲማ ጊዮርጊስና በቅኔዋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት። አጎቴም እዚሁ ቅኔ ቤት ገብተው ጉባኤ ቃና ላይ ያቋረጡ ሰው ናቸው። ለምን አቋረጡ ሲባሉ «ውሻ ነከሰኝ» ይላሉ። ዘመድ ግን ሌላ ሌላ ያወራል። ከዚያ ወዲህ እህል ነጋዴ ሆነዋል፤ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ግን አሁንም የቅኔ ሰው ናቸው። ሳልጠይቃቸው የውድድሩ ዳኛ ሆኑ።

ጌሙን የኔ ዘመን ልጅ ያውቀዋል። ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም ብሎ ያወጣው ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግልባጩ፣ ከጊዜ በኋላ፣ ከቢጫ ካሴት ጋር ነበር። ካሴቱ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፏል። ደብረ ማርቆስ እያለን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ቆጠርነው። ሰባት ነበር። የቀረው ያው ሰባቱ፣ አንዱ ከመሃል ሲጀምር፣ አንዱ ቀለሙን ሲቀይር፣ አንዱ በስም ብቻ ሲለይ ነው። አልሠራ ሲል ካሴቱን ነቅሎ እፍ ብሎ መመለስ ነበር መድኃኒቱ። የትንፋሽ እርጥበት የካሴቱን ጥርስ እንደሚያበላሽ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን እፍ ያላለ ሰው ጌም አያውቅም ይባል ነበር።

እንዲህ ያለውን ብዙ በአንድ የቻይና ነጋዴ ብቻ የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 «አክሽን 52» የሚባል ካሴት ወጥቶ ነበር። 52 ጨዋታ በአንድ፣ ዋጋው 199 ዶላር። 52ቱ እውነትም 52 ናቸው፤ ችግሩ ግማሾቹ አይጫወቱም፣ ግማሾቹ ደግሞ ባይጫወቱ ይሻል ነበር። ከነዚያ አንዱን እስከ ተወሰነ ደረጃ የጨረሰ ሰው 104,000 ዶላር ዕጣ ውስጥ ይገባል ተባለ። ጨዋታው ግን ብዙዎቹ በገዙት ካሴት ላይ እዚያ ሳይደርስ ደርቆ ይቀራል። ሽልማት ቃል ገብቶ መንገዱን መዝጋት ይሏል ይኼ ነው፤ የኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን እነሱ በ199 ዶላር ሸጡት።

እንግዲህ ለዚያ አሮጌ ማሽን እስከ ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ውድድር ያዘጋጃሉ። የተወዳዳሪዎቹንም ሥራ ሰብስበው አንድ ካሴት ላይ አወጡት። ስሙን «አክሽን 53» አሉት። አንድ ጨምረው ስድብም ምስጋናም ያደረጉባት ይህች ስም ናት እኔን ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገችኝ።

ሕጌ አንድ ነበር፤ ጨዋታው ከ40 ኪሎባይት አይለፍ። 32 ለትእዛዙ፣ 8 ለሥዕሉ። ሱፐር ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ጠቅላላ ስፋቱ ይኸው ነበር። ዛሬ ለሠርግ ካርድ በስልክ የሚላክልን አንድ ፎቶ ብዙ ማሪዮ ይውጣል። ማሽኑ እያሰበ የሚይዘው ማስታወሻ ደግሞ 2 ኪሎባይት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ይህን ወግ እዚያ ላይ ብጽፈው ቢጫው ካሴት ገና ሳይደርስ ይሞላ ነበር።

ከአራቱ ተወዳዳሪዎች ሁለቱ፣ ከማርቆስ የመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አጉረመረሙ። «ትንሽ ብትጨምርልን ምናለበት?» አሉ። አጎቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ጣልቃ ገቡ።

«ጉባኤ ቃና ስንት ቤት ነው?»

«ሁለት» አልኳቸው።

«መወድስስ?»

«ስምንት።»

«ዘጠነኛ ቤት ይጨመርልኝ ያለ ተማሪ አይታችኋል?» አሉ። ልጆቹ አላዩም። ቅኔ ቤትም አላዩም። ዝም አሉ።

ትልቁ ጭቅጭቅ የመጣው ግን በፊደል ነው። ማሽኑ ለመደብ ሥዕል በአንድ ሰሌዳ የሚይዘው 256 ትንንሽ ካሬ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ። እንግሊዝኛ 26 ፊደሉን አስቀምጦ የቀረውን ለተራራና ለደመና ይሰጣል። እኛ 33 በ7፣ 231። ዲቃሎቹን ቈን፣ ኈን፣ ኰን፣ ጐን ከነዘራቸው ስንጨምር 251። አምስት ካሬ ቀረን። አራት ነጥብ አንዱን ወሰደች፣ ባዶ ቦታ አንዱን። በቀሩት ሦስት ካሬዎች እንግዲህ ዲማን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዛፉን፣ ደጋውን በሙሉ ሣሉ! ቨ፣ ሏ፣ ሟ እና መሰሎቻቸው ደጅ ቆመው ነው ይህ ሁሉ። ስምንት ነጥብ ውስጥ ደግሞ ሦስት እግር ያላትን ጠን እንደምንም ብትከቱ፣ ሐ በሌላ ሦስት እግር መጥታ ትመስላታለች።

አንደኛው ተማሪ መላ አመጣ። «ሞክሼዎቹን እናውጣቸው። ከሀ፣ ሐ፣ ኀ አንዱን እናስቀር፤ ሠን፣ ዐን፣ ፀን እንጣል። 35 ካሬ ይተርፈናል።» ስሌቱ ልክ ነበር፤ ሀሳቡም አዲስ አይደለም፤ ስንት ምሁር ተከራክሮበት ያለፈ ነው። አጎቴ ግን የጨበጡትን የጠላ ጣሳ አስቀመጡ።

«ንጉሡን ሠ አውጥተህ በእሳቱ ሰ ልትጽፍ ነው?»

«ድምፁ አንድ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ፀሐይ ሠረቀ እና ሌባ ሰረቀ አንድ ናቸው?»

ልጁ መልስ አጣ። አጎቴም አልፋታ አሉት፦ «ነገ ደግሞ ቦታ ጠበበን ብለህ ፀሐይዋን ሌባ ታደርግልናለህ!» በመጨረሻ ጨዋታው ውስጥ የምንጠቀምባቸውን ቃላት ጽፈን፣ በነሱ ውስጥ የሚገኙትን ፊደላት ብቻ ለመሣል ተስማማን። እንግዲህ ቁጠባው ከፊደሉ ወደ ቃሉ ዞረ። «እንኳን ደስ ያለህ» ስምንት ልዩ ልዩ ፊደል ይፈጃል። «ይበል!» ሦስት። ቅኔ ቤት የሰመረ ቅኔ ሲሰማ የሚባለውም ይበል ነውና፣ ያሸነፈ ሰው በሦስት ካሬ ተመሰገነ።

የማሽኑ አንጎል ማባዛት አያውቅም። ይህን ስነግራቸው አጎቴ «ታዲያ እንዴት ይነግዳል?» አሉኝ። ፕሮግራም ጻፊዎቹ አንዱን ቁጥር በግማሽ እየቀነሱ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ ይደምራሉ። በሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚል ስም ያለው ዘዴ ነው። 13 ቁና በ7 ብር፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ትይዩ 7፣ 14፣ 28፣ 56። በተጋማሹ ቁጥር በ6 ትይዩ ያለውን 14 ጥሎ የቀረውን መደመር ነው፤ 91። አጎቴ በጣታቸው መሬት ላይ ጫሩና «ልክ ነው» አሉ። ማሽኑን ያኔ ወደዱት ይመስለኛል።

አንድ ከሰዓት ልጆቹ ካሬ እንዲቆጥቡ በድሮው ቢጫ ካሴት ማሪዮን እያሳየኋቸው ነበር። «ደመናውን እዩት፤ አሁን ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ቁጥቋጦ እዩት። አንድ ሥዕል ነው። ነጭ ሲቀባ ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀባ ቁጥቋጦ።» ልጆቹ ሳቁ። አሥር ዓመት ሲጫወቱት አላስተዋሉም። እኔም ሃያ ዓመት አላስተዋልኩም ነበር። አጎቴ ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«ኅብር ነዋ!» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ኅብር በቅኔ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል አድረው። እኔ ለዓመታት የማሽን ጉዳይ ነው ብዬ ሳነብ የኖርኩት ነገር ስሙ ከቤታችን በር ሥር ነበረ። ነቃ ብለው ቁጭ አሉና፣

«ማን ነው የተቀኘው?» አሉኝ።

«ሚያሞቶ የሚባል ጃፓናዊና ጓደኞቹ ናቸው።»

«የማን ተማሪ ነው?»

ይህን ማንም ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም።

በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ቀድማናለች፤ «ቅኔ ጌምስ» የሚባል የጌም ድርጅት አላት። ገበጣን ወደ ስልክ ያመጣ፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ ያስሮጠ። ስሙን ስነግራቸው አጎቴ ደስ አላቸው፤ ጨዋታውን ስነግራቸው ተከፉ። «ዶሮዋ ካመለጠች በዓሉ በምን ይዋላል?» አሉ።

የማስረከቢያው ቀን ጥር 23፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ጥር ያልኩትን ጃንዋሪ አድርጎ አንብቦ በስምንት ቀን ቀድሞ ላከ። በዘራችን ታሪክ ቀጠሮ ቀድሞ የደረሰ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት ነው። ጨዋታው «ማቆሚያ» ይባላል። ባለታክሲው ሐበሻ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ይውላል፤ ሲያገኝ ጨዋታው አያልቅም፣ የቅጣት ወረቀት ይመጣል። ከማርቆስ ልጆች አንደኛው ገበጣ ላከ፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ጠጠሩ ሲወርድ ጠብ የሚል ድምፅ ያለው። አራተኛው ተወዳዳሪ «ነገ» ብሎኛል። ዛሬም ስጠይቀው ነገ ነው።

ሁለተኛው ተማሪ ያመጣው «አኩፋዳ» ነው። ደበሎ የለበሰ ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከቤት ቤት ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ፊደሉ ከላይ ይወጣል። ቁራሽ የሚሰጥ ቤት አለ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ የሚሸኝ አለ። ውሻ የሌለበት ግን የለም።

ሦስቱ በኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ጠበል ፈሰሱ። በእውነተኛው ማሽን ላይ ግን ገበጣው ሲከፈት ጠጠሩ ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተከምሮ ተገኘ። ላፕቶፑ ላይ ማሽኑን የሚያስመስለው ፕሮግራም ማስታወሻውን መጀመሪያ በዜሮ ይጠርገዋል፤ ማሽኑ ግን ሲበራ ማስታወሻው ውስጥ ያለው ነገር አይታወቅም። ልጁ ቤቱ ተጠርጎ ነው የቆየኝ ብሎ ገብቶ ቁጭ አለ። ሁለት መስመር ትእዛዝ ጨምሮ ራሱ ጠረገና ዳነ። «ማቆሚያ» ደግሞ ውጤቱን ከላይኛው ጫፍ ጽፎ፣ ኋላው የጎበጠው የናቴ ቴሌቪዥን ጫፉን ስለሚበላው፣ ሰው ምን ያህል እንደተቀጣ ሳያውቅ ይጫወታል። ይህን እንዳለ ተውነው፤ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

ካሴት መሥራቱ ሌላ ጣጣ ነው። የድሮውን ቢጫ ካሴት ፈትቼ ቺፑን ልቀይር ብል፣ ውስጡ አንድ ጠብታ ጥቁር ማስቲሽ ደርቆ ተቀምጧል፤ ቺፑ ከሥሩ ተቀብሯል። የአክስቴ ልጅ እዚያው አሜሪካ ባዶ ቦርድ ገዝቶ ሦስቱን ጨዋታ ጭኖ፣ ከመጫወቻው በፊት ማውጫ የሚያሳይ አድርጎ ሊልክ ተስማማ። ማውጫው ላይ ጠብ ተነሣ። በሀሁ ተራ ቢደረደሩ «ማቆሚያ» ቀዳሚ ነው፤ በአበገደ ቢሆን «አኩፋዳ»። የአክስቴ ልጅ በድንገት የሀሁ ጠበቃ ሆነ። የአኩፋዳው ልጅ የአበገደን ጥንታዊነት የሚያስረዳ መልእክት በሌሊት ጻፈልኝ፤ ጨዋታውን ሲሠራ ያንን ያህል አልጻፈም። ለድግስ ላይኛው ወንበር በሚጣሉ ሽማግሌዎች ስቄ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በዕጣ ገበጣ ቀዳሚ ሆነ።

ካሴቱ ለሚያዝያ 23 ክብረ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰ፤ አልገባም። የአሜሪካው ካሴት 72 ጥርስ አለው፤ የኛ ማሽን የጃፓኑን ወግ ይዞ 60። ከአዲስ አበባ ማገናኛ እስኪገኝ ድረስ ሁለት ቀን አለፈ፤ ማገናኛው ሲሰካ ደግሞ ካሴቱ ከማሽኑ በላይ እንደ ሐውልት ቆመ።

የጊዮርጊስ ዕለት ዝክሩ ከተበላ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ (ጌሾ የገባበት ነው፤ እናቴ ደጋግማ አሳሰበችኝ) ሰው ቴሌቪዥኑን ከበበ። አበራሁት። ምንም የለም፤ ግራጫ መጋረጃ ብቻ። አጎቴ ካሴቱን ነቀሉ፣ ከምንም ሳይቆጥሩ እፍ አሉበት፣ መለሱት። ማውጫው መጣ። ስለ ትንፋሽና ጥርስ የማውቀውን ሳልናገር ዋጥኩት።

«አኩፋዳ»ን መረጡ። ሁለት ቤት በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ደጅ ላይ አራት ውሻ ወጣ። ማሽኑ በአንድ መስመር ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ካሬ አያሳይም፤ ተማሪው ሁለት ካሬ፣ እያንዳንዱ ውሻ ሁለት ሁለት፤ ሦስት ውሾች ሲደርሱ ሞልቷል። ልጁ አራተኛውን ጭራሽ ከመሰወር ብሎ ተራ አስገብቷቸዋል፤ አንዱ ብልጭ ሲል ሌላው ይጠፋል። ሰው ሁሉ «መንፈስ ነው! መንፈስ ነው!» እያለ ሳቀ። እኔም በመስመርና በካሬ ላስረዳ ስል አጎቴ በእጃቸው አስቆሙኝ። መቆጣጠሪያውን አስቀምጠው የሱሪያቸውን እግር እስከ ባታቸው ሰበሰቡ። ከባታቸው በታች ሁለት ያረጁ የጥርስ ጠባሳዎች ነበሩ። ዘመድ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ።

አጎቴ ብልጭ ድርግም ወደሚለው ውሻ በጣታቸው እያመለከቱ «እኔን የነከሰኝ ይኼኛው ነው» አሉ። «ያኔም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»